ለእኛ ሰፈር የደረሰው ብስክሌት

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ዳር ያለው ሰፈራችን ከአስፋልቱ የሚለየው በአንድ ኮር ነው፤ በጋ ደርቆ ክረምት የሚሞላ ጎድጓዳ ወንዝ። ዝናብ ከጀመረ ዋልካው እግር ይዞ አይለቅም። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ አስፋልቱ ዳር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሳትስም ትከርማለች። «ከእስረኛ በምን ተለየሁ?» እያለች ስታማርርብኝ ክረምቱን ያመጣሁት እኔ እመስላለሁ።

አምና አንድ የእርዳታ ድርጅት ለድሃ ሰፈሮች ብስክሌት አደለ። አስፋልቱ ዳር ላሉት ለየቤቱ ሊዳረስ ምንም አልቀረው። ማዶ ላለነው ለእኛ አንድ መጣ። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፣ ሲበርድላቸው ግን እንደ አገራችን ዕጣ እንጣል አሉ። ሁሉም ምልክቱን ሰጠ። ቁልፍ የሰጠ አለ፣ ጠጠር የሰጠ አለ፤ እናቴ ከሻሿ ጫፍ ክር መዘዘች። የቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ አንድ አላፊ የራክሻ፣ የባጃጅ፣ ነጂ ተጠርቶ አንዱን አንሣ ተባለ። ክሩን አነሣ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። የወጣለትን ዕጣ አልፈልግም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ እናቴ በስተርጅና የብስክሌት ባለቤት ሆነች። «ምን ያስቃችኋል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄድባታለሁ» አለች።

እሑድ ከኋላዬ አፈናጠጥኳት። ጥቂት እንደሄድን ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ተጠቅጥቆ ቀጥ አልን፤ ከዚያ ቀስ ብለን፣ ተቃቅፈን፣ ወደ ጎን ጋደም አልን። ነጠላዋ ጠቆረ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰች መስሎኝ ክው አልኩ። እየሳቀች ነበር። ሳቁ ለእኔም ተጋባብኝና መነሣት አቃተን።

«በል ተሸከማት» አለችኝ ዕንባዋን እየጠረገች።

«ወዴት?»

«ወደ ሙዲሩ ነዋ። ለኛ የሚያስፈልገን መንገድ እንጅ አጀላ እንዳልሆነ በዓይኑ ይይ።»

በማግስቱ አጀላ ያለችውን ብስክሌት ተሸከምኩ። እናቴን ሁለት ጎረቤቶች ደገፏት፣ የቀረው ሰፈር እየተንጫጫ ተከተለን። ሙዲሩ፣ የድርጅቱ ኃላፊ የሆነው ሱዳናዊ፣ ብስክሌት ሰው ላይ ተሳፍሮ ሲመጣ አይቶ ከወንበሩ ተነሣ። «አጀላዋ ታማለች?» ብሎ በዐረብኛ ጠየቀ።

«እሷስ ደህና ናት» አለች እናቴ በዚያው በተሰባበረ ዐረብኛዋ። «የታመመው መንገዱ ነው።»

ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሰፈራችን ጠጠር ፈሰሰለት፣ ኮሩም ላይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ቤተ ክርስቲያኗን ስማ ስታበቃ ወደ ቤት አልተመለሰችም። አስፋልቱን ይዛ ቀጠለች።

«እማ፣ ወዴት ነው?»

«ወዴትም። መሄድ አምሮኝ ነው።»

ደስታው አሰከረኝ። እናቴን መንገድ ላይ ያየኋት ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲያባርራት ነው፤ ከመተማ ወደ ገላባት ስንሻገር ጦርነት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ረሃብና ሥራ ፍለጋ። ያን ቀን ከኋላዋ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም እየሳቅሁ ነበር።