ሩብ ሰዓት ለመምህሩ እግር

ልጄ የምትማርበት ኮሌጅ መኪና ወደ ግቢው እንዳይገባ የከለከለው ለሰው ጤና አስቦ ነው ሲባል ሰማሁ። ውሸት ነው። ጅማ ነዳጅ ጠፍቶ ነበር። መኪኖች ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ማደር ሲጀምሩ፣ አለቆቹ የእግር ጉዞ ጥቅሙ ድንገት በራላቸው። ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ንፁህ አየር የማይናገር ጠፋ። ቤንዚን እንደ ልብ በነበረ ጊዜ ልብም ሳንባም አልነበረንም።

እኔ ግን አልሃምዱሊላህ አልኩ። አላህ ሰበቡን ከየትም ያመጣዋል።

ቤታችን ቦሳ አዲስ ሰፈር ነው። ልጄ ሦስተኛ ዓመት ናት። ጓደኞቿ ዶርም ሲያድሩ እሷ ከቤት ትመላለሳለች፤ አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ጠዋት ኢንሱሊኑን የምትወጋው እሷ ናት። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ወግታው፣ ቁርሱን መብላቱን አይታ ነው የምትወጣው፤ ከዚያ ቀድማ መውጣት አትችልም።

የምትመላለስበትን ብስክሌት አጎቷ ከአጋሮ ቡና በጫነ መኪና ላይ አስጭኖ ላከላት። ሂጃቧን አስተካክላ በሰፈሩ መሐል ስትነዳ ያልተባለ ነገር የለም። አንዷ ጎረቤቴ፣ "ቀጥሎ ደግሞ ተሳቢ ትነዳለች" አለችኝ። "ኢንሻአላህ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስለ ብስክሌቱ አላነሳችብኝም። እኔ ለልጄ ያሳሰብኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተሳፈረ ሰው እግረኛውን ቀድሞ ሰላም ይላል። በበቅሎም ይሁን በብስክሌት፣ አደቡ ያው ነው። እሺ አለች፣ ደግሞም አደረገችው።

ችግሩ የኮሌጁ በር ነበር። በዚያ በር መኪና ይገባል፣ ብስክሌት አይገባም። ሄጄ ጥበቃውን ጠየቅኩት። ደግ ሰው ነው። "ሀዸ ኮ" አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ "ሳይክል ይሰረቃል፤ እኛ ተጠያቂ እንሆናለን።" መኪናስ አይሰረቅም ወይ አልኩት። "መኪና ባለቤት አለው" አለኝ።

ስለዚህ ልጄ ብስክሌቷን በር ላይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት እያስቀመጠች በእግሯ ትገባለች። ግቢው ሰፊ ነው፤ የምትማርበት ክፍል ደግሞ ከሜዳው በላይ፣ ዳገቱ መጨረሻ ላይ ነው። በክረምት መንገዱ ቀይ ጭቃ ይሆናል። በዚያ መንገድ ዳር "እግረኛ ይቅደም" የሚል ቆርቆሮ ተተክሏል። አንድ ቀን ከልጄና ከጓደኞቿ ኋላ መሄድ የሰለቸው አንድ ሹፌር መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቅደም አይደል የሚለው? ቅደሙ እንጂ፣ ምን ትጎተታላችሁ!" ብሏቸዋል። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰውየው የተጻፈውን የተረዳው በልቡ ልክ ነው።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምራቸው መምህር ሁሉም "ዶክተር" የሚለው ሰው ነው። ሰዓቱ ሲሞላ በሩን ይዘጋል። በዚህ አልወቅሰውም። እኔም አሰንዳቦ ከተማ ሳስተምር የሚያረፍድ ተማሪ አልወድም ነበር። ግን ይህ ሰው ልጄን በየጠዋቱ እዚያው ዳገት ላይ በመኪናው ያልፋታል። ክላክስ አድርጎ ወደ ዳር ያስወጣታል፣ ጭቃ ይረጭባታል፣ ቀድሟት ይገባል፣ ከዚያም በሩን ይዘጋባታል። ቀሚሷን ጠርጋ ሳትጨርስ ቀሪ ትባላለች። ሰዓት አክባሪ ነው ይሉታል። ሰዓት ያከበረችው መኪናው ናት።

በመጨረሻ፣ ቀሪ ስለበዛብሽ የማጠቃለያ ፈተና አትቀመጪም አላት። ትምህርቱ በዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። አለመቀመጥ ማለት ዓመት መድገም ማለት ነው። ልጄ ማታ ራቷን አልበላችም። ለአባቷ እንዳልነግረው አስማለችኝ።

ሰውየውን ላነጋግረው ቢሮው ተመላለስኩ። ስብሰባ ላይ ነው ይሉኛል። አንድ ቀን ከቢሮው በር ወደ መኪናው በር ሲሻገር አገኘሁት። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው መሬት ምንጣፍ አይሞላም። "ይቅርታ፣ ዶክተር" ብዬ ሳልጨርስ ጥቁሩ መስታወት ተዘጋ። ሰው ሰውን ይለምናል፤ መስታወት እንዴት ይለመናል?

ነዳጁ የጠፋው በዚያው ሰሞን ነው።

የእግር ጉዞው የተጀመረ ዕለት እሱን ለማግኘት በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ሥነ ሥርዓቱን አየሁት። "እንራመድ፣ ጤናችንን እንጠብቅ" የሚለው ጨርቅ በፒክአፕ ተጭኖ መጣ። የክብር እንግዳው በመኪና መጡ፤ አጃቢዎቻቸውም በመኪና። እንግዳው ከመኪናቸው ወርደው እስከ ድንኳኑ ተራመዱ፤ ተጨበጨበላቸው። ስለ መራመድ ተቀምጠው ረጅም ንግግር አዳመጡ። ከዚያ በመኪና ሄዱ። በሪባን ያጌጡት ብስክሌቶች ፎቶ ከተነሱ በኋላ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ ከዚያ ሲወጡ ያየ የለም።

ትእዛዙ ግን ቀረ። በማግስቱ መኪና ሁሉ ከበር እንዲመለስ ሆነ። ጥበቃው ልጄን ሲያያት፣ "ሜ፣ እስቲ ግቢ፣ ሳይክል ይግባ ተብሏል" አላት። ብስክሌቷን ገና ያን ዕለት ያየ ይመስል ዙሪያዋን ተመለከተ አለችኝ።

እኔ ያንኑ ጠዋት ከልጄ ቀድሜ ጃንጥላዬን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅኩ። ዶክተሩ መኪናውን ውጭ አቁሞ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ለጭቃ ያልተሠራ ጫማ አድርጎ መጣ። እንደምን አደሩ አልኩት። "እናቴ፣ ቸኩያለሁ" አለኝ።

"ይቸኩሉ። አብሬዎት እቸኩላለሁ።"

አልቸኮለም። ዳገቱ አልፈቀደለትም። ሜዳው ጋ ስንደርስ በአፉ ይተነፍስ ነበር፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። እኔ ስለ ልጄ ነገርኩት። ስለ መርፌው፣ ስለ አባቷ ዓይን፣ ስለ በሩ፣ ብስክሌቷን ትታ ስለምትራመደው መንገድ። እስከዚያ ቀን ያላገኘሁትን ሰው፣ ማምለጫ መኪና የሌለውን፣ አጠገቤ አድርጌ ተናገርኩ። መስማቱንም አላውቅም። ሲመልስልኝ ሰዓት ለሁሉም እኩል ነው አለ። መንገዱ እኩል አልነበረም አልኩት። እሱም ተማሪዋን በመልክ እንደማያውቃት ተናገረ። በየጠዋቱ እዚህ ዳገት ላይ የሚያልፏት እኮ ናት ስለው፣ መንገድ ላይ ማንንም አላይም አለኝ። ይህን የተናገረው በኩራት ነው።

ያኔ ከኋላችን የብስክሌት ደወል ሰማን። ልጄ ናት። ፍጥነቷን ቀነሰች፣ "አሰላሙ አለይኩም፤ ዶክተር፣ እንደምን አደሩ" አለችና አለፈችን።

ፊቱ ተለዋወጠ። "እየቀለደችብኝ ነው?"

"ቀልድ አይደለም። በእኛ ደንብ የተሳፈረው ነው እግረኛውን ቀድሞ ሰላም የሚለው" አልኩት። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። "እርስዎ ግን ክላክስ ነው የሚያደርጉት።"

ለሚለምኑት ሰው እንዲህ አይባልም። ከአፌ እንደወጣ የልጄን ፈተና በገዛ ምላሴ ያቃጠልኩ መሰለኝ። እሱ ቦርሳውን አስተካክሎ መራመዱን ቀጠለ። ክፍሉ ደጃፍ ስንደርስ ሳይሰናበተኝ ገባ። በሩን የሚዘጋበት ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ተማሪዎቹ፣ ልጄም ጭምር፣ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል። በር የዘጋበት ሰው አልነበረም።

ውስጥ የሆነውን ልጄ ነገረችኝ። ላቡን በመሐረብ ጠራርጎ፣ "ካለው የትራንስፖርት ሁኔታ አንፃር" ትምህርቱ ከዛሬ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ እንዲጀምር መወሰኑን ተናገረ። የትራንስፖርት ሁኔታ ያለው እግሩን ነው። ለልጄ ያልተገኘው ሩብ ሰዓት፣ ለእሱ እግር በአንድ ጠዋት ተገኘ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ "ዶክተር፣ ሩብ ሰዓቱ ወደ ኋላም ይሠራል?" ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እንደ መሳቅ አለ። ሌላ ምን ያድርግ? እሱ ራሱ አርፍዶ ነው የቆመው። "ይሠራል" አለ። በዚህ ቃል ልጄ ከሩብ ሰዓት ባልበለጠ አርፍዳ በር የተዘጋባት ቀናት ሁሉ ከቀሪ ተነሱላት። ትቀመጫለሽ ተባለች።

ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እኛም አልጠበቅንም። እኔ ቤት ገብቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ።

ነዳጁ ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ የአለቆቹ፣ ከዚያ የሁሉም፣ እየተንጠባጠቡ ተመለሱ። ስለ ሳንባ የሚናገር ጠፋ። ያ ጨርቅ የፎቶ ኮፒ ቤቱ የፀሐይ መከለያ ሆኗል፤ "ጤናችንን" የሚለው ብቻ ይነበባል። መኪና አይግባ ያለውን ትእዛዝ የሚያስታውስ ሰው የለም። ብስክሌት ይግባ ያለውን ግን የሰረዘው የለም፣ ረስተውታል። ጥበቃው የታዘዘውን ያደርጋል፤ ልጄ ትገባለች።

የፈተናው ጠዋት እንደ ሁልጊዜው አባቷን ወጋች፣ ቁርሱን አበላችው፣ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

"እንዴት ነበር?" አልኳት።

"ወላሂ እማ፣ በጣም ከባድ ነው ያወጣው።"

አልሃምዱሊላህ አልኩ። እሷ ተቆጣች፤ ሰውየው ክፉ ፈተና አውጥቶ እናቴ ታመሰግናለች ብላ ለአባቷ ከሰሰችኝ። ፈተና የሚከብደው ለተቀመጠ ሰው ነው።