ዋጋዬ ያልተቀበለችው ሕመም

ዋጋዬ ታምማ አታውቅም። ጉንፋን ሲይዛት «አየሩ ነው» ትላለች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ «ደረጃው ነው» ትላለች። በስደት በምትኖርበት በፍሌሚንግተኑ ፎቅ ሊፍት ውስጥ ጎኗን ይዛ ቆማ ጎረቤቷ ፈጡማ ብታገኛት፣

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! እጄን ማሳረፌ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሞተሽም ደህና ነኝ ትያለሽ» ብላ ፈጡማ ትስቅባታለች።

የዋጋዬ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «አመመኝ» ብሎ በአፍ መናገር ሕመሙን እንደ መቀበል ነው ይላሉ። የተቀበሉት ደግሞ ይጸናል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነበር የታመመች መስላ እንድትጫወት የመለመሏት።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2016 ነው። ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ ያለ ፕሮፌሰር የሬዚደንቶችን ሥልጠና ለማሻሻል ጥናት ጀምሮ ነበር። ሬዚደንቶቹ የዶክተርነት ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ እዚያው ሆስፒታል እየሠሩ ገና የሚሠለጥኑ ወጣት ሐኪሞች ናቸው። ከየአገሩ የመጣ ሕመምተኛ ሲያጋጥማቸው መነጋገር አቃታቸው ተባለ። ለምን አቃታቸው ቢባል፣ እንቅልፍ የላቸውም፣ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ፋታም የላቸውም ብሎ የሚነግረው ሰው ፕሮፌሰሩ አላጣም ነበር። እሱ የወደደው ሌላ መልስ ነው፤ ተዋናይ ያስፈልጋል አለ። ረዳቶቹ በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞሩ የውሸት ሕመምተኛ ለቀሙ። የምትሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ሺፍቷን የቀነሰባት ዋጋዬም ስሟን ሰጠች።

ልጇ ሂዊ እዚያው ሆስፒታል ሬዚደንት ናት። በጥናቱ መሳተፍ በፈቃደኝነት ነው ተብሏል። ያልፈቀደ ግን የፕሮፌሰሩን የድጋፍ ደብዳቤ አያገኝም፤ ያለዚያ ደብዳቤ ደግሞ ሂዊ ከልጅነቷ የተመኘችው የሕፃናት ሐኪምነት ሥልጠና በዚያ ዓመት አይታሰብም። ፈቃደኝነቱ እንዲህ ያለ ነበር።

«እኔና አንቺን አያገናኙንም፣ እማዬ» አለቻት ሂዊ። «ከሚተዋወቁት ሰው ጋ አይመድቡም፣ ሩላቸው ነው።»

ድልድሉን የሠራው ረዳት ስም አየ። አንዷ ሕይወት ፋንታሁን፣ ሌላዋ ዋጋዬ በቀለ። አልተገናኘለትም። እኛ ዘንድ እናትም ልጅም እያንዳንዳቸው የአባታቸውን ስም እንደሚይዙ፣ የሰውን ሁሉ ባህል ሊያጠና የተሰበሰበው ቡድን አንድም ቀን አልጠየቀም።

ለዋጋዬ የተሰጣት ንግግር አጭር ነው። ሆዴን ካመመኝ ወራት አለፉ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ካንሰር እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ይኸው ነው። በዓይኗ አነበበችው እንጂ በአፏ አላለችውም። «ጌታ ያውቃል» ብላ ሄደች።

ፕሮፌሰሩ ከጥቁር መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ያያል። መጀመሪያ አንድ አንገተ ረጅም ልጅ ገባ።

«ዛሬ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ክብር ለእግዚአብሔር።»

«የሚያምሽ ነገር አለ?»

«በኢየሱስ ስም፣ የለም!»

ልጁ አንገቱን ዘንበል አደረገ። በፈተናው ዘንበል ማለት ነጥብ ያሰጣል። ድምፁን አለስልሶ፣ «ይህ ለአንቺ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባኛል» አለ። ይሄም ነጥብ አለው።

«ምኑ?» አለች ዋጋዬ።

ልጁ አመስግኗት ወጣ። ከፍተኛውን ውጤት አገኘ። ሕመምተኛዋን ምን እንዳመማት ማወቅ ነጥብ አልተመደበለትም ነበር። ፕሮፌሰሩ ከመስታወቱ ጀርባ ብቅ ብሎ፣ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ የዋጋዬን እጅ ጨበጠ። ሕመሟን እንዲህ አጥልቃ የምትክድ ተዋናይ አይቶ አያውቅም።

ቀጥሎ በሩ ሲከፈት ሂዊ ቆማለች።

ሁለቱም ደነገጡ። ሂዊ «እናቴ ናት» ብትል ፈተናው ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል፤ ማመልከቻው ደግሞ በማግስቱ ይዘጋል። ዋጋዬ የልጇን ፊት አይታ ገባት። እንደ ባዕድ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ተቀመጠች።

«ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለች ሂዊ በእንግሊዝኛ።

«ደህና ነኝ።»

ከዚህ በኋላ አንገትን ዘንበል አድርጎ፣ ያችን የታዘዘች ዓረፍተ ነገር ብሎ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ሂዊ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ምነው፣ አንገትሽን ምን ነካው?» አለች ዋጋዬ፣ በአማርኛ፣ ሳታስበው።

ሂዊ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ወዲያው ግን የእናቷን እጅ አየች። ቦርሳው ሥር ገብቶ የቀኝ ጎኗን ከጎድን አጥንቱ በታች ተጭኖታል። እናቷ ትወና እንደማትችል ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቤት ውስጥ ያንን እጅ ስንቴ አይታ፣ በሺፍት ድካም ስንቴ አልፋዋለች! አሁን ብትጠይቃት «የለም» እንደምትላትም ታውቃለች። መስታወቱን አየች። ከኋላው ደብዳቤው ተቀምጧል።

ወንበሯን ሳበች።

«ለምን ነገር ልጸልይልሽ?» አለች፣ በዚያው በእንግሊዝኛ።

ዋጋዬ ቀና አለች። ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው። ለጸሎት የሚሰጥ ርዕስ መቀበል አይደለም፤ ለጌታ ማስረከብ ነው።

«ለዚህ ለጎኔ» አለች፤ ከዚያ ማቆም አቃታት። ከፋሲካ ወዲህ ቅባት በበላች ቁጥር እንደሚወጋት፣ እስከ ትከሻዋ እንደሚወጣ፣ ልጇ እንዳትሰማ ትራሷን ነክሳ እንደምታድር፣ ሁሉንም።

ፕሮፌሰሩ ተቆጣ። ተዋናይቱ ከተሰጣት ንግግር ወጥታለች፤ ሬዚደንቷ ሃይማኖት አስገብታለች፣ ዘንበል ያለችውም አንዴ ብቻ ነው። ሂዊ ወደቀች፤ ደብዳቤውም ቀረ። የዋጋዬ ቃልም ከጥናቱ ተሰረዘ። በዚያ ጥናት ውስጥ እውነተኛ ሕመምተኛ እሷ ብቻ ነበረች።

በሆስፒታሉ ሊፍት ውስጥ ዋጋዬ አለቀሰች። «ደብዳቤሽን እኔ በላሁት።»

«ተይው እማዬ። ነገ አልትራሳውንድ ቡክ አደርጋለሁ፤ ትመጫለሽ።»

«ደህና ነኝ እኮ...»

«ጸሎት አይደል የጠየቅሽኝ? እሱ ነው መልሱ። ትመጫለሽ!»

የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ወጣላት። ሂዊ ግን ያን ዓመት ሥልጠናው ቀረባት፤ ይባስ ብሎ መነጋገር የማይችሉ ሬዚደንቶች የሚሻሻሉበት ትምህርት ውስጥ ተመደበች። አስተማሪው ፕሮፌሰሩ ነው። ቪዲዮዎቹን መላልሶ አይቶ ኖሮ፣ ራሴ ደረስኩበት ያለውን አዲስ ጥያቄ በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ አበራው። «ምን ተስፋ ላድርግልሽ?» ይላል። ጸሎቱን አውጥቶ ጥሎታል። ሂዊ ከኋላ ተቀምጣ የራሷን ጥያቄ ተማረች።

ለልምምዱም፣ ያን መካዷን ያልረሳው ፕሮፌሰር ዋጋዬን አስጠራ። አርአያ ሆኖ እንዲያሳያቸው የመጣው ያ አንገተ ረጅም ልጅ ዘንበል ብሎ፣ «ምን ተስፋ ላድርግልሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ፣ ክብር ለእግዚአብሔር» አለች።

እሑድ ፉትስክሬይ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኗ በምትሰበሰብበት አዳራሽ፣ ወንድም ዮፍታሔ እንደ ልማዱ የጸሎት ርዕስ ያለው ሰው እንዲነሣ ጠየቀ። ዋጋዬ ተነሣች።

«ልጄ ለሥልጠናው እንደገና አመልክታለች፤ በሌላ ሆስፒታል። በሩን ጌታ እንዲከፍትላት።»

«አሜን!»

ልትቀመጥ ስትል ትዝ አላትና ተመልሳ ቆመች።

«ለአንድ ፕሮፌሰርም ጸልዩልኝ፤ አንገቱ እንዲቃናለት።»

ምእመኑ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ በአንድ ድምፅ አሜን አለ። ሂዊ ብቻ ፊቷን በመጽሐፍ ቅዱሷ ሸፈነች።