አያታቸውን ያልደበቁት የሄርማታው ልብስ ሰፊ

ለወዳጆች፣ ለጎረቤቶችና በእጃቸው ሰፍተው ላለበሷችሁ ሁሉ፦ አጎቴ አቶ ሳልህ ባለፈው ጁምዓ ማለዳ ወደ ማይቀረው ቤታቸው ሄደዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከሶላት በኋላ ስንሸኛቸው የጂማው ሄርማታ ገበያ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። አልቅሰናል። ሆኖም ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ የእሳቸውን ጨዋታ እያነሳ ሲስቅ ስለሰነበተ፣ እኔም ይህን የምጽፈው ፈገግ እያልሁ ነው።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝም፣ ስፌት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የስፌት መኪናቸው ከገበያው አጠገብ ባለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበረች። ለሙስሊሙ ጀለቢያ፣ ለክርስቲያኑ የፋሲካ ልብስ፣ ለተማሪው ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። ከሊሙ ገነት የመጣች እናት ልጇን ስታስለካ፣ ጫፉን አስረዝመው ወደ ውስጥ ያጥፉታል። «ልጅ ያድጋል፤ ጨርቅ አያድግም» ይሏታል። በዓመቱ ስትመለስ እጥፉን ፈትተው፣ ተኩሰው፣ መርቀው ይሸኟታል።

መልካቸውን ያየ ደንበኛ ሁሉ «የየት አገር ሰው ነዎት?» ይላቸው ነበር። የእናታቸው አባት ከየመን በንግድ መጥተው የሊሙ ሴት አገቡ፤ አባታቸው ደግሞ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነበሩ። እሳቸውም በወጣትነታቸው የአያታቸውን ዘመዶች ፍለጋ የመን ተሻግረው፣ ሙያውን የተማሩት እዚያ ነው። «እዚህ ዐረቡ ይሉኛል፤ እዚያ ሐበሺው አሉኝ። በእንቅልፌ በኦሮምኛ ሳወራ የሰማ የዚያው አገር ዘመዴማ ጂን ይዞታል ብሎ ቁርአን ሊያስቀራብኝ ነበር!» እያሉ ያስቁን ነበር። ኋላ የጂማ ዝናብ ናፈቃቸውና ተመለሱ።

እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ከአሰንዳቦ ሊመጡ ሲሉ ግን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ሊያገባኝ የፈለገው ልጅ አያት ዘር አጥብቀው የሚጠይቁ ሰው ናቸው ተብሎ ተወርቷል። የአጎቴ ታላቅ እህት ተጨንቀው፣ «የሊሙዋን አያታችንን ጎሳ ብቻ ጥራ፤ ሌላውን ተወው» አሏቸው።

«እንዴ! ወንድ አያታችንን ሁለተኛ ቀብሬ ነው ልጄን የምድረው?» አሉ አጎቴ።

በቀጠሮው ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ አዳምጣለሁ። የልጁ አያት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጎስቲ ኬሰን ማሊ? ጎሳችሁ ምንድን ነው?» አሉ።

አጎቴ አንዱንም አላስቀሩም። የየመኑን፣ የሊሙን፣ የጉራጌውን ጠሩ፤ ዳውሮ የተወለዱትን ባለቤታቸውንም ጨመሩ። «የጎደለን የአሰንዳቦ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ይኸው ዛሬ አመጣችሁልን» አሉ።

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲህ እውነት ከተወራ፣ የእኔም የእናቴ እናት ከከፋ የመጡ ናቸው።»

አብሯቸው የመጣው ልጃቸው ደነገጠ። «አባ! ይህን መቼ ነግረውን ያውቃሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ጠያቂው እኔ ነኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዱዓ ተደረገ፤ እኔም ተዳርሁ። በሠርጌ ዕለት በአራት ቋንቋ ተዘፈነ፤ አጎቴ የአራቱንም እርምጃ እየሳቱ እስኪያልባቸው ጨፈሩ። ትምህርት ቤት ሳለሁ «ዘርሽ ምንድን ነው?» ስባል አንገቴን እደፋ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቀና ብዬ፣ አንድም ሳላስቀር መቁጠር ጀመርሁ። ጠያቂዬ ቶሎ ካልደከመው ደግሞ ደስ ይለኛል።

አጎቴ፣ ትናንት የመጀመሪያ ልጄ ሥራ አግኝታ ወደ ጅግጅጋ ሄደች። መናኸሪያ ቆሜ ስሸኛት እንባዬ መጣ። እርስዎ ቢኖሩ ምን እንደሚሏት ስለማውቅ ግን ዋጥ አድርጌ፣ «ሂጂ ልጄ፤ የሄደ ነው ዘመድ የሚያበዛ» አልኋት። እየሳቀች ተሳፈረች። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፣ ኑር ያድርግልዎ። ደህና ይሁኑ፣ አጎቴ፤ እኛ ብዙ ነን፣ ደህና ነን።