የማይንቀጠቀጥ መንገድ

አባቴ ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ከያዙ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ምግብ ቢቀርብላቸው አንድ ሁለት ጉርሻ፣ ጠያቂ ቢመጣ ዝም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሞተር የተመላለሱበትን መንገድ፣ ከመናኸሪያ እስከ ዓሣ ገበያው፣ በስልኬ ቀርጼ ላሳያቸው አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቪዲዮ ጉድ ነበር። ስልኩን በሞተሬ መሪ ላይ አጥብቄ አስሬ ኮብልስቶኑ ላይ ስነዳ ባጃጁም ሕንፃውም ዛፉም እንደ ወንፊት ይርገፈገፋል። አባቴ ትንሽ አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አዞረኝ" አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ቃል ስለሆነ እሱም ደስ አለኝ።

እልኸኛ ነኝ። ከሰፈራችን ጎሚስታ አሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ለምኜ፣ በመቀስ ቆራርጬ፣ በስልክ መያዣውና በመሪው ብረት መካከል ደራረብኩት። ሕንፃው አደብ ገዛ። ስፖንጅ ስጨምርበት ዛፉም ቆመ። የስልኩንም የምስል ማረጋጊያ ከፈትኩ። ነፋሱ ስለሚጮህ ድምፁን አጠፋሁት።

ቤት ገብቼ ሳየው ግን ሌላ መንገድ መሰለኝ። መንገዱ ያለ ኮሽታ ይንሸራተታል። እግረኞች ቀስ ብለው ዞር እያሉ ያዩና መንገድ ይለቃሉ። ዓሣ ገበያው በር ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ያየው ግን አይመስልም።

ለአባቴ ከፈትኩላቸው። ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው እስከ መጨረሻው አዩት።

"ማነው የተሸከመኝ?" አሉ።

"ማንም አልተሸከመዎትም አባባ። ሞተር ነው።"

"ሞተር እንዲህ አይሄድም።"

አባቴ በእድራቸው ሬሳ ተሸካሚ ነበሩ። ወደ መቃብር ሲሄዱ ሳጥኑ ንቅንቅ እንዳይል እርምጃ ሳያቋርጡ አንዱ ትከሻውን ከሥር ያስገባል፣ ሌላው ይወጣል። ለአዲስ ገቢዎች ይህን ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

በማግስቱ ካላማዳሪያውን አውልቄ፣ ከነመንቀጥቀጡ ከነጩኸቱ ቀርጼ አመጣሁላቸው። አልፈለጉትም። "የትናንቱን" አሉ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያንኑ ያስከፍቱኛል። መብላት ጀምረዋል፤ ከጠያቂም ጋር ይጫወታሉ። እናቴ እኔን መርቃ አትጠግብም። እኔ ግን ስልኩን ፊታቸው ላይ በያዝኩ ቁጥር እፈራለሁ።

ትናንት ቪዲዮው ዓሣ ገበያው ጋ ሲደርስ ፈገግ አሉ።

"ጎበዞች ናቸው" አሉኝ። "ትከሻ ሲቀያየሩ እንኳ አይታወቀኝም።"