እሑድ እሑድ የሚያብጠው ቁጥር

ፈጣን ኒውትሮን ሲወረወርበት ወርቅ ምን ያህሉን እንደሚውጥ መለካት ነው የዶክቶራት ሥራዬ። ቁጥሬ ግን እሑድ ያብጥና ቀን በቀን እየወረደ ሐሙስ ላይ ትክክል ይሆናል። ወርቅ ደግሞ ቀን አይመርጥም! ሦስት ወር ሙሉ ማሽኑን ስፈታና ስገጥም ከረምኩ። ፕሮፌሰሬ «በዙሪያው ያለውን ሁሉ ፈትሺ!» እያለ ይጮኽብኛል። ትምህርቱን ልተወው ቆርጬ ነበር።

እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ኪርያት ኖርዳው ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ማዕባዳችንን፣ ቤተ ሙከራችንን ማለት ነው፣ የሚያጸዱት አባባ ታከለ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

ነገርኳቸው። ኒውትሮን ውሃ ካገኘ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ፣ የዘገየውን ደግሞ ወርቁ አብዝቶ እንደሚውጠው ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። የጽዳት ባልዲያቸው ትዝ አለኝ! በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልጠይቅ?

«አባባ... ባልዲዎ የት ነው የሚያድረው?» አልኩ እየተንተባተብኩ።

«ባልዲዬማ ባዶውን ደጅ ነው የሚያድረው። እሑድ እሑድ ግን ሁለት ካርቶን የውሃ ጠርሙስ ከማሽኑ ጀርባ እደረድራለሁ። እስከ ሐሙስ ተጠጥቶ ያልቃል።»

እፎይ! አውቶቡሱ መጥቶ ቢሄድም ግድ አልሰጠኝም፤ አቀፍኳቸው።

«ማን ነው እዚያ አድርጉ ያለዎት?»

«ፕሮፌሰርሽ ነዋ! እዚያ ሲሆን ይቀዘቅዝልኛል ይላል።»