የገብስማው አውራ ዶሮ አንገት

ከሁሉ በፊት ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሰፍቼ ያረጀሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት ያስተማረኝ የለም። የተሰበረ የስፌት መኪና ፈትቼ በመግጠም ጀመርኩ፤ ኮት መስፋትን ደግሞ የሰው ኮት ተርትሬ መልሼ በመስፋት ተማርኩ። ባለ ኮቱ ልዩነቱን አላወቀም፤ ካወቀም ወዶታል። ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በድሬዳዋ ከተማ ከዶሮ ላባ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ የምሠራ እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ።

ወንዙ ብዙውን ጊዜ አሸዋ በሆነ ከተማ እየኖርኩ ዓሣ አጥማጅ መሆኔ ብዙዎችን ያስቃል። ይሳቁ። እኔ የማጠምደው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ክረምቱ አልፎ የተራራው ወንዝ ሲጠራ የባለቤቴ ወንድም በመኪናው ይወስደኛል። እሱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጎብኚዎችን ወደዚያ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። የማጥመጃ ዘንግ ሲወረወር ያየሁት ከእሱ ነው፤ የተማርኩት ግን ከራሴ ነው። በዚያ ወንዝ ያለው ትራውት የሚባለው ዓሣ ውሃው ላይ ያረፈ ዝንብ ይወዳል። ስለዚህ ትንሽ መንጠቆ ላይ ላባ በክር ይጠመጠምና ዝንብ ይመስላል። ቁም ነገሩ መንሳፈፉ ነው። ከሰጠመ ዓሣው ዞር ብሎም አያየው።

የባለቤቴ ወንድም ጎብኚዎች የሸለሙት አንድ ሳጥን ዝንብ አለው። እኔም ከዚያው እየወሰድኩ አጠምድ ነበር። አምና ግን ሁለቱን ቁጥቋጦ ላይ ሰቅዬ ሳስቀር ፊቱ ጠቆረ። የእነዚህ ላባ ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከሚረባ ዶሮ የተነቀለ ነው፣ እዚህ አገር አይገኝም አለኝ። እኔም ከቀፊራ ገበያ ዶሮ የተሻለ እሠራለሁ አልኩት። ሳቀ። ሳቁ አንገበገበኝና ተወራረድኩ። ዘንድሮ በገዛ እጄ በሠራሁት ዝንብ አንድ ዓሣ ካልያዝኩ ዘንጌን ላስረክበው፣ ባሌንም ዳግመኛ ላልረግጥ። የድሬዳዋን ሙቀት ዓመት ሙሉ ችሎ ያችን ጥቂት የብርድ ቀን የሚጠብቅ ሰው ምን እንዳስያዝኩ ይገባዋል።

ላባ ከውጭ ማስመጣት ለእኔ ኪስ የሚታሰብ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ዝንቦች ጎረቤት ከጣለው ላባ ሠራሁ። መልካቸው ሸጋ ነበር፤ ሳፋ ውስጥ ስጥላቸው ግን እንደ ጠጠር ወረዱ። ተስፋ የሚቆርጥ ይቁረጥ፤ እኔ አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት መረመርኳቸው። የሴትና የቄብ ዶሮ ላባ ሥሩ ጥጥ ስለሚመስል ውሃ ይጠጣል። ለመንጨት የፈላ ውሃ የነካውም ይልፈሰፈሳል። የሚያስፈልገው የሽማግሌ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ነው፦ ቀጭን፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ከንፈር ላይ ሲያደርጉት እንደ ቡርሽ የሚወጋ። ቀለሙ ደግሞ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ገብስማ ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃ ላይ ክንፉን የሚያርገበግብ ይመስላል።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ገበያ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ዶሮ አንሥቶ ደረቱን ይዳብሳል፤ እኔ የገብስማውን አንገት ገልጬ ላባውን ከንፈሬ ላይ አሻለሁ። ሻጩ ትንሽ አየኝና ጠጋ ብሎ፣ «አቦ አባባ፣ ይሄን ቀለም ጠንቋይ ነው ያዘዘልዎት?» አለኝ። ለዓሣ ነው ብዬ ብመልስለት ከጎኑ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ዋጋውም ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፤ ቀለም የታዘዘለት ሰው ሌላ መምረጥ ስለማይችል አይከራከርም። ጥዬው ሄድኩ።

በማግስቱ ስልት ቀይሬ መጣሁ። ቀዩን እያደነቅኩ፣ ገብስማውን እያጣጣልኩ ዞርኩ። ከገበያው ዳር አንዲት ከሐርላ መንደር የመጣች ገበሬ አንድ ዶሮ ብቻ ይዛ ተቀምጣለች። ገብስማ ነው፤ የእግሩ እሾህ የጣት ያህል ረዝሟል። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አኮማተርኩ።

«ይሄማ አርጅቷል፤ ማን ይበላዋል?» አልኳት።

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «አንተስ አርጅተህ የለ? ማን ጣለህ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ሳቄን አይታ እሷም ሳቀች፤ ጥርሱን የሚወድ ሰው የማይመኘው ዶሮ ስለነበረም በደህና ዋጋ ለቀቀችልኝ።

ቤት ስደርስ የፈላው ውሃ ሳይነካው የአንገቱን ቆዳ ከነላባው ገፍፌ፣ ጨው ነስንሼ ጥላ ውስጥ አደረቅሁት። የቀረው ወደ ድስት ገባ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀቀለ፤ አልበስል አለ። በበዓሉ የመጣው የባለቤቴ ወንድም አንዱን ብልት ሲያኝክ ቆይቶ መንጋጋውን ይዞ ቀረ። ባለቤቴም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለዓሣ ብለህ የሰው ጥርስ ልታስወልቅ ነው?» አለችኝ። ቆዳው በደረቀ ዕለት መንጠቆውን ከስፌት መኪናዬ ጨርቅ መጫኛ እግር ሥር አስነክሼ፣ ክሩን ሰም ቀብቼ መጠምጠም ያዝኩ። ጠዋት ሳፋ ላይ የጣልኩት ዝንብ ከምሳ በኋላም በላባው ጫፍ ቆሞ ነበር።

ባሌ ስንደርስ ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል። መጀመሪያ የወረወርኩት ሳር ላይ ተጠመጠመ፤ ጥፋቱ የነፋሱ ነው። ቀጥሎ አንድ ዓሣ ብቅ ብሎ አየውና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ምንም። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል የባለቤቴ ወንድም ቀስ ብሎ መጣ። የእሱም ዝንብ ምንም አልያዘም፤ ቢሆንም ውርርዱ የእኔ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘንጉን ከአሁኑ ልያዝልህ?»

 ዝንቡን እፍ ብዬ አደረቅሁት፤ ጥቁር ድንጋይ ሥር ወረወርኩ። ላባው ቆሞ ተንሳፈፈ። ውሃው ድንገት ተከፈተ፣ ዘንጌም ጎበጠ።

ትልቅ ነበር ብል የሚቃወመኝ አይኖርም። ግን መካከለኛ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ዓሣውን ሳይሆን አፉ ላይ የተሰካውን ዝንብ ነበር የሚያየው።

«ከየትኛው ዶሮ ነው?»

«በእንቁጣጣሽ መንጋጋህን ካሳመመህ።»

መዳፉን ዘረጋ። «አንዷን ስጠኝ።»

ሰጠሁት፤ ከሁሉም የማታምረውን መርጬ።

እንግዲህ የሠራሁትን ልዘርዝር። አይገኝም የተባለውን ላባ ከአገሬ ገበያ አገኘሁ። ጠንቋይ ያዘዘለት ተብዬም ለማንም ዋጋ አልተሸነፍኩም። ለድስት ያልሆነ ሽማግሌ ዶሮ በውሃ ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ዘንጌ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚመጣው ዓመት ወደ ባሌ ስንሄድ የመኪናው የፊት ወንበርም የእኔ ነው። ባለቤቴን ለሌላ ሽማግሌ ዶሮ ገና አላሳመንኳትም። እሷንም አሳምናታለሁ።