እትዬ ኤልሳና ዘመድ የሌለው ሰውዬ

መኪናዬን አስነስቼ ወደ እሳቸው ልሄድ ስል የእህታቸው ልጅ ቴክስት አደረገልኝ። እትዬ ኤልሳ አርፈዋል። ደጋግሜ አነበብኩት። ትናንት ፀጉራቸውን ያበጠርኩላቸው እኮ እኔ ነኝ!

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ኤልሳ የሆላንድ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ አስተምረው ጡረታ ወጥተው ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔ ቤታቸው እየሄድኩ ነበር የምንከባከባቸው። መጀመሪያ ቀን፣ "ፕሮፌሰር አትበይኝ። እናንተ ትልቅ ሴት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት?" አሉኝ። በዚያው እትዬ ሆነው ቀሩ።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት የአንድ ሰው ታሪክ ሲጽፉ ነው። ድሮ፣ በመርከብ ዘመን፣ ከሆላንድ ደቡብ ህንድ ሄዶ ታሚል የሚባለውን ቋንቋ ከአንዲት ጨው ሻጭ የተማረ ሰው። ወጣትነቱን ከፍሎ መዝገበ ቃላት ሠራ። አገሩ ይዞት ሲገባ የሚያትምለት አጣ። ሰው ቤት ተጠግቶ ሞተ፤ የቤቱ ሰዎች አብዛኛውን ወረቀት እሳት አቀጣጠሉበት።

"እትዬ፣ ምን አድርጎልዎት ነው እንዲህ የሚለፉለት?" እላቸዋለሁ።

"ከእኔ ሌላ ዘመድ የለውም።" ሁልጊዜ ይቺው ናት። በኋላማ በአማርኛ አስጠንቻቸው፣ እየሳቁ በአማርኛ ይሉኝ ነበር።

ስኖው የጣለ ሰሞን ስትሮክ መታቸውና ሆስፒታል ገቡ። እንግሊዝኛው ጠፋ። የእህታቸው ልጅ በአገራቸው ቋንቋ ቢያናግራቸው ዝም። ከዚያ አንድ ቀን መናገር ጀመሩ፣ ግን ማንም አልገባውም። እኔ ድምፁን አወቅኩት። ቤት ውስጥ ጮክ ብለው ሲያነቡት እሰማ ነበር። "ታሚል ነው!" አልኩ። ከሌላ ፍሎር አንዲት ታሚል ነርስ ለምነን አመጣን። ጎንበስ ብላ አዳመጠቻቸው።

"ምን አሉ?"

"'መጽሐፉን ማን ይጨርሰዋል?' ነው የሚሉት። ምን ልበላቸው?"

የእህታቸው ልጅ አቀረቀረ። ነርሷ እጃቸውን ብቻ ይዛ ቆየች።

ቤታቸው ከተመለሱ ወዲህ በየትኛውም ቋንቋ አልተነፈሱም። የድሮ ባልደረቦቻቸውን ኮል አደረግኩ። ገሚሱ ሞቷል። አንዱ በትህትና፣ "አሁን ይህን የሚያነብ ሰው የለም እህቴ" አለኝ።

እትዬ ኤልሳ፣ ልዋሽዎት አልችልም። የሚጨርሰው ሰው አላገኘሁም። የማገኝም አይመስለኝም። እኔ እንደሆንኩ የሰውዬውን ስም እንኳ በቅጡ መጥራት አልቻልኩም።

ደህና ይሁኑ የኔ እናት። ነገ ጠዋት የማንኳኳው በር የለኝም።